ከኤረር በር የሚነሳ አስቸጋሪ የዝላይ ጌም ለስልክ እንዴት ይሠራል?

ከባድ ጌም መሥራት ብዙ ጥበብ አይጠይቅም፤ ጉድጓዱን ማስፋት፣ እሾሁን ማብዛት ይበቃል። ተጫዋቹ ደጋግሞ ወድቆም ስልኩን የማያስቀምጥበትን ከባድ ጌም መሥራት ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ልዩነቱ ተጫዋቹ በወደቀባት ቅጽበት ለራሱ በሚለው ነገር ይታወቃል። «ጌሙ በደለኝ» ካለ አጥፍቶት ይሄዳል። «ቸኮልኩ» ካለ ወዲያው ይደግማል። ይህ መመሪያ ሁለተኛውን ዓይነት ጌም በነፃ መሣሪያ፣ ብቻችሁን ሆናችሁም ቢሆን፣ በርካሽ ስልክ ላይ ሳይቆራረጥ እንዲሄድ አድርጋችሁ እንድትሠሩ ነው። ቦታው ሐረር፣ መነሻው ከከተማው በሮች አንዱ የሆነው ኤረር በር ነው።

የዝላይ ጌምን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያስያዘው ኔንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «ሱፐር ማሪዮ ብሮስ» ነው። የእኛም አገር ልጆች ቴሌቪዥን ላይ በሚሰካ የካርትሪጅ ማጫወቻ ማሪዮንና ኮንትራን እየተጫወቱ አድገዋል። ስልኩ ሲመጣ ቬትናማዊው ዶንግ ንጉየን እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው «ፍላፒ በርድ» በአንድ ጣት ብቻ የሚሠራ ጌም ምን ያህል ሊከብድ፣ ምን ያህልም ሊወደድ እንደሚችል አሳየ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ቅኔ ጌምስ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮን ይዞ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል። «ኩኩሉ» የሩጫ ጌም ነው፤ የዝላዩ ሜዳ ገና ብዙ ሰው ይፈልጋል።

ሐረርን የመረጥኩት ለጌጥ አይደለም። የሐረር ጥንታዊ ክፍል ጀጎል ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ግንብ የተከበበ፣ አምስት ጥንታዊ በሮች ያሉት፣ ውስጡ በጠባብ መተላለፊያዎች የተሞላ ከተማ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የሐረሪ ባህላዊ ቤት፣ ጌይ ጋር፣ ውስጡ ሲገቡ ደግሞ ነደባ የሚባሉ ከፍታቸው የሚበላለጥ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥም በከፍታቸው ይለያል። የዝላይ ጌም ከመደብ ወደ መደብ መውጣትና መውረድ ነው። ከተማው ሕጉን ሠርቶ አስቀምጦታል፤ የእናንተ ሥራ እሱን ማንበብ ነው።

1. መሣሪያውንና ስክሪኑን ምረጡ

ጎዶት የተባለውን የጌም መሥሪያ አውርዱ። ነፃ ነው፤ የሠራችሁትን ብትሸጡም ድርሻ አይጠይቅም። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ለአንድሮይድ የተዘጋጀውን ስሪት ስልክ ወይም ታብሌት ላይ ጭኖ መጀመር ይችላል። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ከሥዕል አወጣጥ አማራጮቹ «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ምረጡ፤ ለደካማ ስልክ የታሰበው እሱ ነው።

የጌሙን ስክሪን 320 በ180 ፒክስል አድርጉት። ይህ የዱሮ መልክ ለመስጠት ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ርካሽ ስልክ 720 በ1600 ፒክስል ነው። 180 በ4 ሲባዛ ልክ 720 ይሆናል፤ 320 በ4 ሲባዛ 1280። እያንዳንዷ የሳላችኋት ፒክስል ስልኩ ላይ 4 በ4 የሆነች ጥርት ያለች ካሬ ትሆናለች፤ አትደበዝዝም፣ አትጣመምም። ከስፋቱ የሚተርፈው 320 ፒክስል በግራና በቀኝ 160፣ 160 ሆኖ ይቀራል። በ6.5 ኢንች ስልክ ይህ በየጎኑ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በግንብ ድንጋይ ሥዕል ሙሉትና የአውራ ጣት ማረፊያ አድርጉት። የጌሙን ዓለም ወደዚያ ካሰፋችሁት ሰፊ ስልክ ያለው ተጫዋች ቀድሞ የሚያየው፣ ሌላው የማያየው ነገር ይመጣል፤ ይህም በደል ነው።

ዓለሙን 16 በ16 ፒክስል በሆኑ ታይሎች ሥሩት። አንድ ስክሪን በወርድ 20 ታይል፣ በቁመት 11 ታይል ይይዛል ማለት ነው። ካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ለመንደፍ የሚመች መጠን ነው፤ ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ስክሪኖች እዚያ ላይ ጨርሷቸው።

2. ዝላዩን በቁጥር ሥሩት

እዚህ ላይ ጊዜ አትቆጥቡ። ሥዕሉ ቢያምር፣ ሙዚቃው ቢጥም፣ ዝላዩ ካልተመቸ ጌሙ የለም። በጀማሪዎች ላይ የማየው ትልቁ ችግር የስበትን ኃይልና የዝላይን ፍጥነት በግምት እየጨመሩ እየቀነሱ መዋል ነው። ተገላቢጦሹን አድርጉ፤ መጀመሪያ ምን ያህል ከፍ እንዲል፣ በምን ያህል ጊዜ ጫፍ ላይ እንዲደርስ እንደምትፈልጉ ወስኑ፤ ቀሪውን ሒሳቡ ይነግራችኋል።

ገጸ ባሕርይዋ 56 ፒክስል፣ ማለትም ሦስት ታይል ተኩል እንድትዘል፣ ጫፍ ላይም በ0.4 ሰከንድ እንድትደርስ ወሰናችሁ እንበል። የመነሻ ፍጥነቷን ለማግኘት ከፍታውን በ2 አባዝታችሁ በጊዜው አካፍሉት፤ በሰከንድ 280 ፒክስል ይመጣል። ስበቱን ለማግኘት እንደገና ከፍታውን በ2 አባዝታችሁ በጊዜው ካሬ አካፍሉት፤ 700 ይሆናል። ከዚያ ስትወርድ ስበቱን በአንድ ተኩል አባዙት፤ 1050 ያድርግ። ወደ ላይ ቀለል፣ ወደ ታች ከበድ ያለ ዝላይ ጣት ላይ ቁርጥ ያለ ስሜት ይሰጣል። የሩጫ ፍጥነቷን በሰከንድ 100 ፒክስል ካደረጋችሁ አየር ላይ የምትቆየው 0.73 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ የምትሻገረው አራት ታይል ተኩል ነው። አሁን የጌማችሁን ሕግ አወቃችሁ፦ አራት ታይል ስፋት ያለው ጉድጓድ ከባድ ግን የሚቻል፣ አምስት ታይል ያለው ደግሞ የማይነደፍ። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ደረጃ ስትነድፉ የምትከራከሩት ከእሱ ጋር ነው።

ይህንኑ ሒሳብ ጀጎል ላይ ሞክሩት። ገጸ ባሕርይዋ 20 ፒክስል ቁመት ካላትና እውነተኛ ቁመቷ 1.6 ሜትር ነው ካልን፣ አራት ሜትር ገደማ የሆነው ግንብ 50 ፒክስል ይሆናል። እሷ ደግሞ 56 ትዘላለች፤ በአንድ ዝላይ ግንቡን አልፋ ትሄዳለች ማለት ነው። ያን ጊዜ በሩ ምን ይሠራል? ስለዚህ ለእውነተኛው ልኬት አትገዙ፤ ግንቡን ስምንት ታይል አድርሱት። የጌሙ ነፍስ ያለው በበሮቹ ነው፤ ግንቡ ሊዘለል አይገባውም።

ቀጥሎ ሦስት ይቅርታዎችን ጨምሩ። ተጫዋቹ አያያቸውም፤ ከሌሉ ግን ወዲያው ይሰማዋል። አንደኛው የጠርዝ ይቅርታ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ ከጠርዝ ከወጣች በኋላ ለ0.1 ሰከንድ አሁንም መዝለል ትችላለች። በ100 ፍጥነት ይህ 10 ፒክስል ነው፤ ዓይን አይለየውም፣ አውራ ጣት ግን ያውቀዋል። ሁለተኛው የችኮላ ይቅርታ ነው፤ መሬት ከመንካቷ 0.1 ሰከንድ ቀድሞ የተነካ የዝላይ ቁልፍ ይታወስና ልክ ስትነካ ትዘላለች። ሦስተኛው የጣት መጠን ነው፤ ቁልፉ ቶሎ ከተለቀቀ ወደ ላይ ያለውን ፍጥነት በግማሽ ቁረጡት፤ አጭር ዝላይ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውና በአስቸጋሪነቱ የሚደነቀው «ሰለስት» እንኳ እንደነዚህ ባሉ ይቅርታዎች የተሞላ ነው።

የእንቅስቃሴውን ኮድ በሙሉ ጎዶት በሰከንድ 60 ጊዜ በቋሚነት በሚጠራው የፊዚክስ ክፍል ውስጥ ጻፉት። ካልሆነ ስልኩ ሲሞቅና ሲዘገይ የዝላዩም ርቀት አብሮ ይለወጣል።

3. ለአውራ ጣት አስቡ

ስልክ ላይ ጣት የሚነካው መስተዋት ነው፤ ቁልፉ የት እንዳለ በዳሰሳ አይታወቅም። ስለዚህ ለመዝለል ትንሽ ክብ አትሳሉ፤ የስክሪኑ የቀኝ ግማሽ በሙሉ የዝላይ ቁልፍ ይሁን። በግራ በኩል ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚወስዱትን ሁለቱን ቁልፎች ጎን ለጎን አድርጓቸው፤ አንዱ ጠርዙ ላይ፣ ሌላው ትንሽ ወደ ሥዕሉ ገባ ይበል። አውራ ጣት ሳይነሳ ከአንዱ ወደ ሌላው ተንሸራቶ ሲሄድ አቅጣጫው መለወጥ አለበት። አራተኛ ቁልፍ ካስፈለጋችሁ አንድ ብቻ፤ አምስተኛ አይኑር።

ስልክ ሲደወል ጌሙ ራሱ እንዲቆም፣ ተጫዋቹ ሲመለስ ደግሞ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ብሎ እንዲጀምር አድርጉ። ከውድቀት እስከ ዳግም ጅምር ያለው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ አይብለጥ። «ተሸንፈሃል» የሚል ጽሑፍ፣ የሚጠፋና የሚበራ ስክሪን፣ በየሞቱ መሃል የሚመጣ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ይቅር። ጌሙ ከባድ ከሆነ መመለሻው ፈጣን መሆን አለበት።

4. የመጀመሪያው ስክሪን፦ ኤረር በር

ኤረር በር በምሥራቅ በኩል ነው፤ መንገዱ ወደ ኤረር ሸለቆ ይወርዳል። ሐረሪዎች አርጎብ በሪ ይሉታል። ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ማለት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ መሄድ ነው፤ በካርታ ላይ ይህ ከቀኝ ወደ ግራ ይሆናል። የዝላይ ጌም ግን ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ለምዷል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሰሜን ቆመን ወደ ደቡብ እንደምናይ አድርገን እንሳለው። ምሥራቅ በግራችን፣ ከተማው በቀኛችን ይሆናል። የከተማውን ካርታ የሚያውቅ ልጅ ሳይሳሳት ይከተላችኋል።

አሁን ሃያዎቹን ታይሎች አንድ በአንድ እንሙላቸው። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ለጥ ያለ መሬት ናቸው፤ ተጫዋቹ እዚያ ቁልፎቹን ይለምዳል። ከኋላ ከገጠር የመጡ ሴቶች ጫትና አትክልት ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ይታያሉ እንጂ አይነኩም። ስድስተኛው ላይ አንድ ታይል ቁመት ያለው ድንጋይ አለ፤ በአጭር ዝላይ ይታለፋል። ዘጠነኛው ላይ ሁለት ታይል ቁመት ያለው ሌላ ድንጋይ አለ፤ ቁልፉን ረዘም አድርጎ መያዝን ያስተምራል። አሥራ ሁለተኛውና አሥራ ሦስተኛው ጉድጓድ ናቸው፤ ግን የማይገድል ጉድጓድ፤ የወደቀ ሰው በሁለት ዝላይ ይወጣል። ከጉድጓዱ በላይ አምስት መሐለቆች በቅስት ተደርድረዋል። የሐረር አሚሮች በከተማቸው ያስመቱት የነበረው ገንዘብ መሐለቅ ነው፤ እዚህ የሚሰበሰበው እሱ ይሁን። ቅስቱ ትክክለኛውን የዝላይ መንገድ ይከተል፤ መሐለቁን ለመያዝ የዘለለ ተጫዋች ጉድጓዱን መሻገሩን የሚያውቀው ከተሻገረ በኋላ ነው። በአሥራ ስድስተኛው ላይ ጭነት የያዘ አህያ ቆሟል፤ በላዩ ይዘለላል፣ አይረገጥም። ከዚያ ቅስቱ፣ ከዚያ ጀጎል።

አንድም ጽሑፍ የለም። «ለመዝለል ይህን ንኩ» የሚል ቀስትም የለም። በሁለተኛው ስክሪን ጉድጓዱ ሦስት ታይል ሆኖ ይመጣል፤ አሁን ይገድላል። በሦስተኛው አራት ታይል ይሆናል፤ ከማዶው ጠባብ ማረፊያ አለ። ይህን ለማንኛውም አዲስ እንቅፋት ጠብቁ፦ አንዴ ሳይጎዳ፣ አንዴ እየጎዳ፣ አንዴ ከሌላ ጋር ተጣምሮ። ተጫዋቹ ፈጽሞ አይቶት በማያውቀው ነገር መሞት የለበትም።

በጀጎል ውስጥ ዩኔስኮ የቆጠራቸው 82 መስጊዶችና ከመቶ በላይ የአውሊያ መቃብሮች አሉ። እነዚህን በሩቁ ጀርባ ላይ በክብር ሳሏቸው፤ የሚረገጥ መድረክ፣ የሚሰበር ግድግዳ፣ ሳንቲም መደበቂያ አታድርጓቸው። የአዛን ድምፅንም ለማጀቢያ አትጠቀሙ። ተጫዋቹ ከሞተ በኋላ የሚመለስበትን ቦታ ለማመልከት የተከፈተ የቤት በርና ከውስጡ የሚወጣ ብርሃን ይበቃል።

5. ጅቡን አትግደሉት

ሐረርን ይዞ ጌም የሚሠራ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ጅብን ነው፤ የመጀመሪያው ሐሳብም ጭንቅላቱን ረግጦ መግደል ነው። ይህ ለከተማው እንግዳ ነገር ነው። በግንቡ ላይ ዋራባ ኑዱል የሚባሉ የጅብ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጅቦች በሌሊት በእነሱ ገብተው የቀረውን ምግብ ለቃቅመው ይወጣሉ። ከግንቡ ውጭ በምሽት ሥጋ እያጎረሱ የሚያስተዳድሯቸው ሰዎች አሉ፤ በአሹራ ቀንም ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ጅብ በሐረር ጎረቤት ነው።

ጎረቤትነቱን ወደ ጌሙ ሕግ ቀይሩት። ጅቡ ከመውጣቱ ከግማሽ ሰከንድ በፊት በቀዳዳው ጨለማ ውስጥ ሁለት ቢጫ ፒክስሎች ይብሩ፤ ዓይኖቹ ናቸው። ከወጣ በኋላ በቋሚ ፍጥነት መተላለፊያውን ይዞ ይሄዳል፤ መተላለፊያው ጠባብ ነውና በላዩ መዝለል አይቻልም። ተጫዋቹ አንድ ቁራጭ ሥጋ ካለው ይጥልለታል፤ ጅቡ ለሦስት ሰከንድ ይበላል፤ በዚያ ጊዜ ይታለፋል። ሥጋ ከሌለው ወደ ኋላ ተመልሶ ከፍ ያለ መደብ ላይ ይጠብቃል። ሥጋውን የት መጣል፣ መቼ መቆጠብ እንደሚገባ ማሰብ ሲጀምር ጌሙ ከጣት ወደ ጭንቅላት ይወጣል። አራተኛው ቁልፍ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

6. ከበሩ ወደ ውስጥ

ከኤረር በር በኋላ በግንቡ ዙሪያ ሰንጋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሸዋ በርና ፈላና በር አሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ምዕራፍ ይሁን። መሃሉን በሁለት ቦታዎች አጥብቁት። መኪና ግርግር የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ እዚያ መድረኮቹ እንደ ስፌት መኪና መርፌ በምት ይውጡ ይውረዱ፣ ምቱም የሙዚቃው ከበሮ ይሁን፤ ዓይኑ የዘገየ ጆሮው ይረዳዋል። ግድር መጋላ በሚባለው ገበያ ላይ ሥጋ ለመንጠቅ የሚወርዱ ጭላቶች አሉ፤ በጌሙም ከመውረዳቸው በፊት ጥላቸው መሬት ላይ ይታይ።

የመጨረሻው ምዕራፍ ሩጫም ጭራቅም አይኑረው። ጌይ ጋር ውስጥ ይሁን። ገጸ ባሕርይዋ ደጃፉ ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ከዚያ በኋላ አረማመዷ ይለወጣል፣ ስትቆም ትንሽ ትንሸራተታለች። በነደባዎቹ መካከል፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ስፌቶች ሥር፣ እስካሁን የተማረችውን በሙሉ በቀስታና በጥንቃቄ ታሳያለች።

7. ቀለም፣ ድምፅና ፊደል

ከ16 ቀለም አትለፉ። የኖራ ነጭ፣ የግንቡ አመድማ ቡኒ፣ የጌይ ጋር ወለል ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ውኃ ሰማያዊ፣ ለሌሊት ሁለት ጥቁር ሰማያዊ፣ ቀሪው የእናንተ ምርጫ። አንድ ሕግ ብቻ አክብሩ፦ የሚገድል ነገር ቀለም ለሌላ ነገር አይዋል። ለድምፅ የድሮው የኔንቴንዶ ማጫወቻ ፋሚኮም አምስት የድምፅ መስመሮች ብቻ ነበሩት፤ እናንተም ከዚያ አትብለጡ።

ፊደላችን ግን የራሱ ጣጣ አለው። የላቲን ፊደል በ8 በ8 ፒክስል ውስጥ ይነበባል፤ በዚያ መጠን ጨና ጬን፣ ቀና ቁን መለየት ግን ዓይን ያደክማል። ስለዚህ ጽሑፉን ከፒክስል ሥዕሉ ለዩት። በጎዶት የስክሪን ቅንብር ውስጥ «ካንቫስ አይተምስ» የሚለውን ምረጡ፤ ሥዕሉ በትልልቅ ፒክስሎች ሲወጣ ጽሑፉ በስልኩ ሙሉ ጥራት ይወጣል። የሥዕሎቹን ማጣሪያ ግን «ኒረስት» ላይ አድርጉ፤ አለዚያ ይደበዝዛሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነፃ ነው፤ ጌሙ ውስጥ አብራችሁ መጫን ትችላላችሁ። የስልኩን ፊደል አምናችሁ አትውጡ።

8. አስሞክሩ፣ አውጡ

ስልኩን ለተጫዋቹ ስጡትና ዝም በሉ። አታስረዱ፣ አትጠቁሙ፣ ጣታችሁን አትዘርጉ። የሚሞትበትን ቦታና ሲሞት የሚናገረውን ጻፉ። «አላየሁትም» ካለ ሥዕሉን አስተካክሉ። «ዘልያለሁ እኮ!» ካለ የይቅርታ ጊዜዎቹን ፈትሹ። «ቸኮልኩ» ካለ ምንም አትንኩ፤ ቦታው ልክ ነው። እናንተ ጌሙን የሠራችሁ ስለሆናችሁ ክብደቱን መመዘን አትችሉም፤ ቀላል የመሰላችሁ ደረጃ ለሌላው ከባድ ነው። በቅንብሩ ውስጥ ጌሙን በጥቂቱ የሚያዘገይ አማራጭ ጨምሩ፤ ተጠቃሚውን የሚያሳፍር ስም ግን አትስጡት።

ስታወጡ ለ32 ቢትም ለ64 ቢትም ስልክ የሚሆነውን አዘጋጁ፤ አሮጌ ስልኮች አሁንም በብዙ ሰው እጅ ናቸው። ኢንተርኔት የማይጠይቅ ይሁን። ጉግል ፕሌይ ላይ ለመመዝገብ አንድ ጊዜ የሚከፈል 25 ዶላር ያስፈልጋል፤ አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ደግሞ ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሞካሪዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት ሊሞክሩለት ይገባል። እስከዚያው የመጫኛ ፋይሉን በቴሌግራም መላክ ይቻላል።

እነዚያን 12 ሰዎች ከሐረር ምረጧቸው። የበሮቹን ስም በአማርኛ፣ በሐረሪኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፉና ቋንቋዎቹን ለሚናገሩ ሰዎች አስነብቡ። አምስቱን በሮች ጨርሳችሁ እስክታወጡ አትጠብቁ፤ ኤረር በር ብቻውን በደንብ ከተሠራ ሙሉ ጌም ነው፤ እሱን ልቀቁት፣ ሌሎቹ አራቱ በኋላ ይጨመራሉ።